ከመግዛታችን በፊት እንለካ

ቦንጋ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው «ኔትወርክ የለም» የሚለውን መልስ ያውቀዋል። አንዳንዴ «ሲስተም ወርዷል» ይባላል። ለተገልጋዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ነገ ተመለስ ማለት ነው። ከዴቻ ወይም ከጨና የገጠር ቀበሌ የመጣ ገበሬ «ነገ» ሲባል ለአልጋ ይከፍላል፣ እራቱን ከተማ ይበላል፣ ወሩ የቡና ለቀማ ከሆነ ደግሞ ልቡ ጥሎት በመጣው ማሳ ላይ ያድራል። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠችው ሠራተኛም ጥፋት የለባትም። እሷ የምታየው አልከፈት ያለ ገጽ ነው፤ የሰልፉን ቁጣ የምትቀበለው ግን እሷው ናት።

እኔ በዚህ ከተማና በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች በኮምፒውተርና በኔትወርክ ጥገና ለዓመታት የሠራሁ ሰው ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ሳንለካ መወሰናችንን እንተው። ሳንለካ ቴሌን እንወቅሳለን። ሳንለካ «ባንድዊድዝ ይጨመርልን» ብለን ደብዳቤ እንጽፋለን። ሳንለካ አዲስ ሰርቨር እንገዛለን፤ ሰኔ 30 ሲቃረብማ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ ግዥው ይጣደፋል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ የተቀመጠው እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ በአንድ ገመድ ጫፍ ላይ ነው፤ ለማስተካከልም አንድ ብር አያስወጣም።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ ላስረዳ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ሌሎች ብዙዎችም እንደሱ ናቸውና። ይህ መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ያለው ዋና ቢሮው አዲስ ሲገዛ ወደ ታች ያስተላለፈለት አሮጌ ሰርቨር አለው። ማሽኑን የሠራው ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ የሚሠራውም ሶላሪስ 8 በሚባል የዩኒክስ ዝርያ ነው። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብስ የተጀመረ ሥርዓት ሲሆን፣ ሶላሪስ 8 የወጣው በ2000 ነው። ሰን ራሱ በ2010 በኦራክል ተገዝቶ እንደ ኩባንያ የለም። ማሽኑ ግን ይሠራል። የመዝገብ ቤቱ የቆየ መረጃ በሙሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

ቅሬታው «ሰርቨሩ ሞቷል፣ ኔትወርኩም ሞቷል» የሚል ነበር። ምክንያቱንም ሁሉም ያውቀዋል፤ ማለትም ያወቀው ይመስለዋል። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቶ ቦንጋ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ከሆነች ወዲህ ቢሮ በዝቷል፣ ሠራተኛ በዝቷል፣ ስለዚህ መስመሩ ተጨናንቋል ይላሉ። ሌላው ወገን ደግሞ ማሽኑ አርጅቷል፣ በቃ ይላል። ሁለቱም አባባሎች ከሩቅ ሲሰሟቸው እውነት ይመስላሉ። አንዳቸውም ግን በቁጥር አልተደገፉም ነበር። ንብረት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ለአዲስ ሰርቨር የተሰበሰበ ፕሮፎርማ አይቻለሁ።

በእንዲህ ዓይነት ሥራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማሽኑን የሚጠቀመው ሰው ነው። የመዝገብ ቤቷን ባለሙያ «እህቴ፣ የሚንቀራፈፈው ምኑ ነው?» አልኳት።

«ወንድሜ፣ ስገባ ቶሎ ይከፈታል። ስም ስፈልግም ቶሎ ይመጣል። ሪፖርት ላውጣ ስል ነው ቀጥ የሚለው» አለችኝ። ቀጥላም «ያኔ መብራት ጠፍቶ ካደረ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው» አለች።

በእነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ የችግሩ ግማሽ መፍትሔ አለ። ትንሽ ነገር ይፈጥናል፤ ትልቅ ነገር ይቆማል። የተጀመረበትም ቀን ይታወቃል። መስመር የሚያጨናንቀው የሰው ብዛት ቢሆን ኖሮ ችግሩ ቀስ በቀስ ይመጣ ነበር እንጂ ባንድ ሌሊት አይወለድም፤ ጠዋት ሥራ ሳይጀመርም በተሻለ ነበር። ማርጀት ቢሆን ደግሞ ስም ፍለጋውም በዘገየ። ይህችን ሴት ግን ፕሮፎርማ ከመሰብሰቡ በፊት የጠየቃት አልነበረም። ቅሬታ ይቀበሏታል፤ ምልክት አይጠይቋትም።

ቀጥሎ ልኬት ነው። ፒንግ የሚባለው ትእዛዝ ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይነግራል። ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፈው ነው፤ ዛሬም በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ አለ። ከመዝገብ ቤቷ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ ስልክ መልሱ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች መጣ፤ የጠፋም አልነበረም። ብዙ ባለሙያ እዚህ ላይ «መስመሩ ሰላም ነው» ብሎ ያቆማል። ፒንግ ግን የሚነግረን ትንሽ ነገር በሰላም እንደሚያልፍ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ሴትዮዋ አስቀድማ ነግራናለች። ስለዚህ 10 ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል ከኮምፒውተሯ ወደ ሰርቨሩ ገለበጥሁ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህ ሥራ አንድ ሰከንድ ገደማ ሊወስድ ይገባው ነበር። ደቂቃዎች ፈጀ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እፈልጋለሁ። ሁለቱም ማሽኖች አንድ ሕንፃ ውስጥ ናቸው። በመካከላቸው ያለው ገመዶቹን የሚያገናኘው አንድ ስዊችና ጥቂት ሜትር ኬብል ነው። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር በዚህ መንገድ ላይ ጨርሶ የለም። ወሩን ሙሉ ሲወቀስ የነበረው አካል በቦታው አልነበረም።

ዩኒክስ ላይ ኔትስታት የሚባል ትእዛዝ አለ። የኔትወርክ ካርዱ ስንት እንደላከ፣ ስንት እንደተቀበለ፣ ስንት ስህተትና ስንት ግጭት እንዳጋጠመው በአምድ በአምድ ይዘረዝራል። ፋይሉ በሚገለበጥበት ጊዜ ደጋግሜ ስጠራው የግጭቱ አምድ ይሮጥ ነበር። በዘመናዊ ስዊች ላይ ግጭት መኖር የለበትም። ሰርቨሩን ስለ መስመሩ ሁኔታ ስጠይቀው «ሃፍ ዱፕሌክስ ነኝ» አለኝ። የስዊቹን ወደብ ስጠይቀው «ፉል ዱፕሌክስ ነኝ» አለኝ፤ የእሱም የስህተት ቆጣሪ በተበላሹ መልእክቶች ተሞልቷል።

ይህ ምን ማለት ነው? ፉል ዱፕሌክስ የሆነ ጫፍ በአንድ ጊዜ ይልካልም ይቀበላልም። ሃፍ ዱፕሌክስ የሆነ ጫፍ ግን ሌላው ሲልክ እሱ ዝም ማለት እንዳለበት ያምናል፤ እየላከ ሳለ መልእክት ከመጣበት «ግጭት ሆነ» ብሎ የጀመረውን ይቆርጣል። ያኛው ጫፍ ደግሞ ይህን ደንብ ስለማያውቅ ባሻው ሰዓት ይልካል። ትንንሽ መልእክት ሲሆን ሁለቱ እምብዛም አይገጣጠሙም፤ ስለዚህ ፒንግም ይሠራል፣ ስም ፍለጋም ይሠራል። ትልቅ ፋይል ሲመጣ መልእክቱና ማረጋገጫው በየቅጽበቱ ይጋጫሉ፣ የተቆረጠው እንደገና ይላካል፣ እሱም እንደገና ይቆረጣል። የስዊቹ መብራት በዚህ ሁሉ መካከል አረንጓዴ ነው።

ሁለቱ ጫፎች እንዴት ተለያዩ? መሣሪያዎች ሲገናኙ ፍጥነታቸውንና ሁኔታቸውን በራሳቸው እንዲስማሙ የሚያደርግ ደንብ አለ። ነገር ግን አንዱ ጫፍ በእጅ ተቆልፎ ሌላው ለስምምነት ክፍት ከሆነ፣ ክፍት የሆነው ፍጥነቱን ያውቃል እንጂ ዱፕሌክሱን ማወቂያ መንገድ የለውም። ስለዚህ ሃፍ ዱፕሌክስን ይይዛል። ይህ የተጻፈ ደንብ ነው፣ ብልሽት አይደለም። የቆዩት የሰን ካርዶች ከአንዳንድ ስዊቾች ጋር መስማማት ያስቸግራቸው ስለነበር ሁለቱንም ጫፍ በእጅ መቆለፍ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ሁለቱንም በፉል ዱፕሌክስ ቆልፏቸዋል። ስዊቹ ላይ የሠራው በቋሚ ማኅደር ተቀምጧል። ሰርቨሩ ላይ ግን ኤንዲዲ በሚባለው ትእዛዝ ነበር የሠራው፤ ይህ ትእዛዝ የሚለውጠው የማሽኑን የወቅቱን ማስታወሻ ብቻ ነው፣ ማሽኑ ሲጠፋ ለውጡም ይጠፋል። ማሽኑ ሲነሣ የሚያነበው ፋይል ውስጥ መጻፍ ነበረበት፤ አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ሳይጠፋ ለረጅም ጊዜ ሠራ፤ ዩኒክስ በዚህ ይመሰገናል። አንድ ቀን ግን መብራት ጠፋ። በዞናችን በካፋ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አይለይም፤ መብረቁም አለ፣ በመስመር ላይ የሚወድቀው ዛፍም አለ። ኃይል ከዩፒኤሱ ባትሪ ዕድሜ በላይ ተቋርጦ አደረ። ጠዋት ሲመጣ ሰርቨሩ የተነገረውን ረስቶ ተነሣ፤ ስዊቹ አልረሳም። ሥራውን የሠራው ባለሙያ ከሄደ ቆይቷል፤ የተወው ወረቀት የለም። ተቋሙ ያጣው አንድ መስመር ጽሑፍ ነበር።

የስዊቹን ወደብ ለስምምነት ክፍት አደረግሁት። ሁለቱ ተስማሙ፤ ሰርቨሩ ፉል ዱፕሌክስ ሆነ። ያው ፋይል ወዲያው ተገለበጠ። ምን እንደተለወጠ፣ ለምንና በየትኛው ቀን እንደሆነ በመዝገብ ጽፈን አንዱን ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ለጠፍነው።

አሁን ወደ ፕሮፎርማው ልመለስ። አዲሱ ሰርቨር ተገዝቶ ቢመጣና በዚያው ወደብ ቢሰካ ምን ይሆን ነበር? አዲሱም ለስምምነት ክፍት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ወደቡ የተቆለፈ ነው፤ ስለዚህ አዲሱም ሃፍ ዱፕሌክስ ይሆን ነበር። ብዙ ገንዘብ ከፍለን ያንኑ ዝግመት በአዲስ ሣጥን ውስጥ እናገኘው ነበር። የዚያን ጊዜ የሚመጣው ደብዳቤ ደግሞ «ባንድዊድዝ ይጨመርልን» የሚል እንደሚሆን አልጠራጠርም።

በዚሁ ማሽን ላይ ሌላም ቅሬታ ነበር፤ እሱን ባጭሩ ላንሣ። ከሌላ ክፍል የሚገቡ ሠራተኞች የይለፍ ቃል መጠየቂያው እስኪመጣላቸው ረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ፤ ከገቡ በኋላ ግን ሁሉ ነገር ፈጣን ነው። በር ላይ ብቻ የሚያስጠብቅ ማሽን ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ስም ነው። ዩኒክስ የመጣው ሰው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ለመመዝገብ የስም ሰርቨር ይጠይቃል። ይህ ማሽን እንዲጠይቅ የታዘዘው አዲስ አበባ ሳለ የነበረውን፣ ዛሬ በቦታው የሌለ አድራሻ ነበር። መልስ ሲያጣ ለሰከንዶች ይጠብቃል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይጠብቃል፤ ተስፋ ሲቆርጥ ያስገባል። አንድ ትንሽ ፋይል ውስጥ ያለ አንድ የአድራሻ መስመር መለወጥ በቂ ነበር። ከዋና መሥሪያ ቤት ወደ ዞን የተላለፈ ዕቃ እንዲህ ያለ የድሮ አድራሻ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል የሚረከበው ሰው ቢያውቅ መልካም ነው። ሞዴል 19 ቆርጦ ዕቃውን መቀበል ብቻውን ርክክብ አይሆንም።

ሦስተኛው ጉዳይ ከቦንጋ ራቅ ባለ ወረዳ ያለ የዚሁ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ነው፤ ይህኛው ከሁሉም ይበልጥ ገንዘብ የሚያስከስር ዓይነት ነው። ቅርንጫፉ ፋይበር ስላልደረሰው በሳተላይት ነው የሚገናኘው፤ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ ወረዳዎችን ማገናኘት ሲጀምርም ብዙዎቹን ያገናኘው በዚሁ በሳተላይት ሳህን ነበር። ሪፖርት ወደ ሰርቨሩ ሲልኩ ስለሚዘገይ ከ512 ኪሎቢት ወደ 1 ሜጋቢት አሳደጉ። ክፍያው አደገ፤ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

እዚህ ላይ ስሌት መሥራት ያስፈልጋል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መልእክቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ማረጋገጫውም ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠቅላላው ከ143,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በብርሃን ፍጥነት ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል። በመካከል ያሉት መሣሪያዎች የራሳቸውን ሲጨምሩበት 0.6 ሰከንድ ይሆናል። ከቦንጋ አዲስ አበባ ያለውን 450 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ፋይበር ላይ ብናሰላው ደርሶ መልሱ ከ5 ሚሊሰከንድ አይበልጥም። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ነው።

ሶላሪስ 8 ደግሞ በነባሪው «ማረጋገጫ ሳልሰጥህ በአንዴ ልትልክልኝ የምትችለው 24 ኪሎባይት ነው» ይላል። ከማንኪራ ጫካ ቡና የሚያስጭን ነጋዴ የፊተኛው ጭነት መድረሱ ሳይነገረው የሚቀጥለውን በቅሎ አልልክም ቢል፣ መንገዱን ቢያሰፉለትም በቀን የሚያደርሰው ቡና አይጨምርም። እዚህም እንደዚያው ነው። 24 ኪሎባይት በ0.6 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 40 ኪሎባይት፣ ማለትም 330 ኪሎቢት ያህል ነው። መስመሩ 512 ይሁን 1 ሜጋቢት፣ ከዚያ በላይ ቢገዛም፣ አንድ ፋይል ከ330 አያልፍም። መፍትሔው ያንን 24 ማሳደግ ነው። የድሮው ደንብ ከ64 ኪሎባይት በላይ አይፈቅድም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ማሻሻያ ግን ፈቅዷል፣ ሶላሪስ 8ም ያውቀዋል። ወደ 128 ኪሎባይት ሲያድግ ቅርንጫፉ የሚከፍልበትን 1 ሜጋቢት ሙሉ በሙሉ መጠቀም ጀመረ። በዚህ ጊዜ ለውጡ መብራት ሲጠፋ እንዳይጠፋ በማስነሻ ፋይሉ ተጽፏል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው መስመር ከ32 ኪሎቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ሺህ እጥፍ ሊሞላ የቀረበ ውድቀት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ገደማ ነበር፤ ሰው በእግሩ ዲስኩን ይዞ ቢሄድ ይቀድም ነበር። ቫን ጃኮብሰንና ማይክል ካረልስ የሚባሉ ባለሙያዎች መስመር አልገዙም። እያንዳንዱ መልእክት መቼ እንደተላከና መቼ እንደደረሰ ለኩ፤ ችግሩ ማሽኖቹ መጨናነቅ ሲመጣ ከመታገሥ ይልቅ ደጋግመው መላካቸው እንደሆነ አዩ፤ የዩኒክሱን ፕሮግራም አስተካከሉ። በ1988 ያሳተሙት ጽሑፍ ዛሬ ድረስ ኢንተርኔት እንዳይወድቅ የሚያደርገው ሐሳብ መነሻ ነው። መልእክት የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች በተራ የሚያሳየውን ትሬስራውትንም የጻፈው ይኸው ቫን ጃኮብሰን ነው። መሣሪያዎቹ ነጻ ናቸው። ቦንጋ ያለው ባለሙያ በርክሌይ ካለው ባለሙያ በዚህ አያንስም።

የሚያንሰው በሌላ ነው። የስዊቹ የይለፍ ቃል ብዙ ጊዜ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ አንዳንዴም ሥራውን ጨርሶ የሄደ ተቋራጭ ጋ ነው። እኛ ዘንድ ያለው የአይሲቲ ባለሙያ ፕሪንተር እንዲያስተካክልና ቫይረስ እንዲያጸዳ እንጂ ወደቡን ከፍቶ እንዲያይ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ አንድ ቆጣሪ ለማንበብ ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል መኪና ይነሣል፣ ውሎ አበል ይከፈላል፣ የአልጋ ይከፈላል፤ እስከዚያው ተገልጋይ ይመላለሳል። ባለሙያው ሲመጣም ቶሎ አስተካክሎ ለመመለስ ይቸኩላል፣ የሠራውንም አይጽፍም። በእኔ አመለካከት የዚህ ሁሉ ዝግመት ሥር ማሽኑ አይደለም። ማሽኑ አጠገብ ያለው ሰው እንዳያይ መደረጉ ነው።

የመረጃ ደኅንነት ይነሣል፤ ተገቢ ሥጋት ነው። ግን ማየት መለወጥ አይደለም። ስዊቹም ዩኒክሱም ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ መለያ መስጠት ይችላሉ። ደኅንነትን ካነሣን አሮጌው ማሽን ላይ ያለው እውነተኛ አደጋ ሌላ ነው። በቴልኔት የሚገባ ሰው የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጠር ነው የሚልከው፤ በዚያው መስመር ላይ ያለ ሰው ሊያነበው ይችላል። ሶላሪስ 8 የደኅንነት ማሻሻያ ከተቋረጠበትም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። መለዋወጫ ዲስክ ፈልጎ ማግኘትም ከባድ ነው። ስለዚህ ይህ ሰርቨር በክብር ጡረታ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለመሥሪያ ቤቱም ይህንኑ ተናግሬያለሁ። ነገር ግን የሚተካው ስለተንቀራፈፈ ሳይሆን ስለማይጠበቅ መሆን አለበት። ምክንያቱን ለይቶ የሚገዛ ሰው ትክክለኛውን ዕቃ ይገዛል፤ መረጃውን በሥርዓት ያዛውራል፤ መጠባበቂያ ቅጂውም ተመልሶ እንደሚነበብ አስቀድሞ ይሞክራል።

ቴሌን ለመከላከል እንዳልተነሣሁም ይታወቅልኝ። መንገድ ሲሠራ ፋይበር ይቆረጣል፤ ጣቢያ ላይ ኃይል ሲጠፋ መስመር ይጠፋል። ያን ጊዜም የሚጠቅመው ልኬት ነው። ደውሎ «ኔትወርክ እምቢ አለን» የሚል ደንበኛና «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ጀምሮ መልእክቱ ከራውተራችን ወጥቶ ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ይቆማል፣ የሕንፃችን ውስጥ ሰላም ነው» የሚል ደንበኛ የሚያገኙት መልስ የተለያየ ነው። ሁለተኛው ሲደውል ወሬው ስለ መፍትሔ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ለምን አሁን እናገራለሁ? አገልግሎቱ በሙሉ ወደ መስመር እየገባ ስለሆነ ነው። ቴሌብር የተባለው የሞባይል ገንዘብ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የገጠር ነጋዴ ኪስ ውስጥ ገብቷል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ቁጥር የባንክ ደጅ ላይ ይጠየቃል። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ስትራቴጂ ከወጣ ጀምሮ ወረቀት የነበረው ብዙ ጉዳይ ወደ ስክሪን እየዞረ ነው። ድሮ ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ የሚቸገረው ኮምፒውተር ያለው ሰው ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው የአዲዮና የጌሻ ገበሬ ነው ቀኑን የሚያጣው። ጣሪያ ላይ ዝጎ የቀረ የፕላዝማ ትምህርት ሳህን ያየ ሰው፣ ዕቃ ያለ ጠጋኝ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ያውቃል። ያ ትውልድ በዚያ ሳህን ሊማር የነበረው ትምህርት አልፎታል።

ሰው የለንም አይባልም። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች በየዓመቱ ለተግባር ልምምድ ወደ መሥሪያ ቤቶች ይወጣሉ። አብዛኞቹ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ደብዳቤ በመተየብ ነው። ከመምህራቸውና ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ጋር ሆነው የእያንዳንዱን ቢሮ ኔትወርክ በወረቀት ይሣሉ፤ የትኛው ገመድ የትኛው ወደብ ላይ እንዳለ ይጻፉ፤ ሰላም በሆነ ቀን አንድ ፋይል በስንት ሰከንድ እንደሚያልፍ ለክተው ያስቀምጡ። ሰላም በሆነ ቀን ያልተለካ መስመር በታመመ ቀን የሚነጻጸርበት ነገር የለውም። ከሁሉም በላይ ይህ ቁጥር ነው በየቢሮው የጎደለው። እንዲህ ያለው ልምምድ ለተማሪዎቹም ከመጽሐፍ የማይገኝ እውቀት ነው፤ አሮጌው ዩኒክስ ላይ ተምሮ የወጣ ልጅ አዲሱ አያስቸግረውም፤ የትእዛዞቹ ዘመዶች ዛሬም ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ አሉና።

የዞናችንና የክልላችን የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የሰርቨር ወይም የባንድዊድዝ ግዥ ጥያቄ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ገጽ ልኬት ጠይቁ። ምኑ ነው የዘገየው፣ ከየት እስከ የት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በሕንፃው ውስጥና ከሕንፃው ውጭ ፍጥነቱ ስንት ነው? ያንን ገጽ ማቅረብ የማይችል የግዥ ጥያቄ ይመለስ። ለባለሙያችሁ የማንበቢያ መለያ ይሰጠው፤ የተሠራው ሥራ ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ ይከፈት። በሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅዳችሁም ለኬብል መሞከሪያና ለሥልጠና የሚሆን ገንዘብ ያዙ፤ ከአንድ ሰርቨር ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው።